ቁልቁለት ላይ ያደረችው ፒካፕ

«ቤንዚኑ የት ገባ፣ ጓድ ሁንዴ?»

ሣራ ደብተሯን እንዳቀፈች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ወልደአማኑኤል፣ አባቷ የሚነዳትን የማኅበሩን ፒካፕ ከፍተው፣ ቁልፉን አዙረው፣ የቤንዚኑን ጌጅ በጣታቸው ይመቱታል። መርፌው ከሩብ በታች ወርዷል።

«ቅዳሜ ታንኩ ግማሽ እስኪደርስ በኩፖን አስቀዳህ። እሑድ መንዳት ክልክል ስለሆነ አልተነዳችም። ታዲያ በአንድ ቀን ተነነ?»

«እኔም አልገባኝም፣ ጓድ» አለ አባቷ። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው፣ እጁን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ኪሱ ይከታል፣ ያወጣል።

«እንግዲህ ቀበሌ ሄደህ ታስረዳለህ።»

ባለፈው ወር ሊያስረዳ የሄደ አንድ የሰፈሩ ሹፌር እስከ ዛሬ እያስረዳ ነው።

የምታውቀው ነገር ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ጆቴ የጎማ ቱቦ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ በፒካፗ አጠገብ ሲያልፍ አይታዋለች። «ምን ልትሠራበት ነው?» ስትለው፣ «ምን አገባሽ አቦ!» ብሏት ሮጠ። ቤንዚን በቱቦ እንደሚሳብ ደግሞ የማያውቅ የናዝሬት ልጅ የለም። ስሙን ብትጠራ አባቷ ይተርፋል። ጆቴስ?

አፏን ልትከፍት ስትል ዓይኗ ፒካፗ ላይ ዐረፈ። አፍንጫዋን ደፍታ ቁልቁለቱ ላይ ቆማለች፤ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተወትፏል። ሌላ ጊዜ የምታድረው ታች ሜዳው ላይ ነው። ቅዳሜ ግን ባትሪዋ ስለደከመ፣ በግፊ እንድትነሳ ብሎ አባቷ እዚህ አቆማት።

«አባዬ፣ ጌጁ ቤንዚኑን በምን ያውቀዋል?»

«አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው?» ተቆጡ ሊቀመንበሩ።

አባቷ ግን መለሰላት። «ታንኩ ውስጥ እንደ ኳስ ያለች ተንሳፋፊ አለች። ቤንዚኑ ሲሞላ ትወጣለች፣ ሲጎድል ትወርዳለች። ጌጁ የእሷን መውጣትና መውረድ ነው የሚናገረው።»

«በየት በኩል ናት?»

«በኋላ በ...» አለና ወደ ፒካፗ ዞረ።

ሣራ አጥሩ ሥር የነበረውን ግማሽ ውሃ ያለበት ሳፋ በአንድ ጎኑ ብድግ አደረገችው። ውሃው ወደ ታች ሮጠ፤ በላይኛው በኩል የሳፋው ቂጥ ባዶውን ቀረ።

«ይኸው! ቤንዚኑ ወደ ፊት ሄዷል። ተንሳፋፊዋ ከኋላ ያለ ቤንዚን ቀርታለች።»

«የልጅ ነገር!» አሉ ጓድ ወልደአማኑኤል።

«ሜዳው ላይ ትውረድና ይታያ» አለ አባቷ፤ ድንጋዩን አነሳና ዘሎ ገብቶ መሪውን ያዘ።

ፒካፗ ተንከባላ ሜዳው አፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ሣራ ገፋች፤ አልነቃነቅ አለቻት። ጆቴ ድምፅ ሰምቶ ከግቢው እየሮጠ መጣና ትከሻውን ሰጠ። በመጨረሻ ጓድ ወልደአማኑኤልም የተተኮሰ ካኪያቸውን ሰብስበው ገፉ።

መርፌው ቀስ እያለ ሩብን አለፈ። ወጣ፣ ወጣና ግማሹ ላይ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ጌጁን ሁለት ጊዜ መቱት። ንቅንቅ አላለም። «ታዲያ ምን ይገትርሃል? ደራ ያለው ገበሬ ዘር ይጠብቃል!» ብለው እጃቸውን እያራገፉ ሄዱ።

አባቷ ፒካፗን ተደግፎ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። «ኢንታላ ኮ» አላት፤ ልጄ ሲላት በኦሮምኛ ነው። ሣራ አጥሩ ሥር ያኖረችውን ደብተሯን ልታነሳ ሮጠች።

ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጆቴ አንገቱን እያከከ፣ «ትናንት ጮኽኩብሽ አይደል?» አለ። «ቱቦው ከበርሜል ውሃ መሳቢያ ነው። እማዬ ልብስ እጠብ ብላኝ... ለክፍል ልጆች ከነገርሽ አለቀልኝ!»

«አልናገርም።»

ጥቂት ሄዱ። ሊቀመንበሩ ፊት ስሙ ምላሷ ጫፍ ደርሶ እንደነበር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ካልተናገረች ተዳፍኖ ይቀራል። ደብተሯን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ጆቴ፣ ቀስ በል እስቲ» አለችው። «እኔም የምነግርህ አለኝ።»