የታጠፈው ተራራ

በሂጅራ አቆጣጠር በሦስት መቶ ዘጠና ዓመት፣ ዝናብ ከቀረ ሦስተኛው በጋ በገባ ጊዜ፣ የካዜሩን አሚር ከዛግሮስ ተራሮች ሆድ ውሃ የሚያወጣ ዋሻ ይቆፈር ብሎ አዘዘ፤ የቆፋሪዎቹ አለቃ ዳድመህር ግን ከአሚሩ ፊት ቀርቦ የተመረጠው ቦታ ሰው ይፈጃል አለ።

ቦታውን የመረጠው መሐንዲሱ ቡርዚን ሳቀበት።

«ጌታዬ፣ ይሄ የጉድጓድ አይጥ ስለ ተራራ ሊያስተምረን መጣ! ተራራ ዱሮም ተገትሮ ነው የተፈጠረ።»

«አናቱ ላይ ከድንጋይ የተጣበቀ የባሕር ዛጎል አግኝቻለሁ» አለ ዳድመህር። «ያ ድንጋይ አንድ ዘመን ባሕር ሥር ተነባብሮ የተኛ ጭቃ ነበር።»

ጎንበስ ብሎም የአዳራሹን ምንጣፍ ጠርዝ በሁለት እጁ ገፋው፤ ምንጣፉ ተሸብሽቦ ተነሣ፤ የቡርዚን መከዳም ተንጋደደ።

«ምድር ከጎን ስትገፋ እንዲህ ትታጠፋለች፤ ጉብታው ተራራ፣ ጎድጓዳው ሸለቆ ነው፤ እልፍ አእላፍ ዓመት ይፈጃል። ውሃው እጥፋቱን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ በተመረጠው ቦታ ያለው ግን ልል ሸክላ ነው፣ ይናዳል።»

«ማነው የገፋት? አንተ ነህ ወይስ ሚስትህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ማን እንደ ገፋት አላውቅም።»

«የማያውቀውን የሚቀባጥር ሟርተኛ!» አለ ቡርዚን።

አሚሩም «ፈሪ ቆፋሪ አያስፈልገኝም» ብሎ አስወጣው፤ አለቅነቱንም ለታናሽ ወንድሙ ለኩሽያር ሰጠበት።

«ኩሽያር፣ በናታችን፣ አትግባ!»

«ሹመትህ ሲወሰድ ነው እናታችን ትዝ ያለችህ? የአገር መሳቂያ አደረግኸን እኮ!» ብሎት ገባ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዋሻው ተናደ። ዳድመህር ማንም ሳይጠራው ዶማውን ይዞ ሮጠ፤ ሁለት ሰዎች በሕይወት አወጣ፤ ስድስቱ ግን አልቀው ነበር፤ ከእነሱም መካከል ኩሽያርን አፉን ሸክላ ሞልቶት አገኘው።

እናቱ ከሬሳው ራስጌ ቀና ብላ አየችው። «አውቀህ ነበር» አለች። «እያወቅህ ለቀቅኸው። ከእንግዲህ ቤቴን እንዳትረግጥ!»

ዳድመህር ዶማውን አንሥቶ ሄደ።

አሚሩ ስለ ስሕተቱ ምንም ሳይናገር ምሥራቁን አስቆፈረ፤ በአርባኛው ቀን ውሃው ፈለቀ፤ በምንጩ አፍ ባለው ድንጋይም ላይ የአሚሩና የቡርዚን ስም ተቀረጸ። ከተማው ሁሉ ከዚያ ሲቀዳ፣ ዳድመህር ግን አንድ ጉንጭ እንኳ ሲጠጣ ያየው የለም።

የዘመኑ ጸሐፊ «በዚህ ዓመት ካዜሩን ውሃ አገኘች» ብሎ አልፏል፤ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ ስለ ተናገረው ሰውም ሆነ በሸክላው ስለ ተቀበሩት ስድስት ነፍሳት አንዲት መስመር አላኖረም።