የአንበሶ ሳል

አንበሶ ሰኞ ማለዳ ጊዮርጊስ ጀርባ ካለው ግቢ፣ በሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። አፍንጫው ወደ ዘበኛው ክፍል ዞሯል። የውሻው ጌታ አቶ ፍቅሬ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ይህን አይተው ጊዜ ሳያጠፉ ፈረዱ።

«ሐዱሽ መርዞብኛል። ዛሬውኑ ግቢዬን ይልቀቅ።»

ሐዱሽ እዚያ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ዘበኛ ነው። ሌላ ማደሪያ የለውም።

የእንስሳት ሐኪሟ ምብራት የተጠራችው መርዙን በጽሑፍ እንድታረጋግጥ ነበር። እሷ ግን ሰው የነገራትን ከማረጋገጥ ይልቅ ያልነገራትን መጠየቅ ትወዳለች። የበድኑን ድድ አየች፤ አገጩ ሥር ያለውን ጠጉር በጣቷ አሻሽታ አሸተተች። ከዚያ ወደ ሐዱሽ ዞረች።

«አሳሳሉ እንዴት ነበር? እስቲ አድርገህ አሳየኝ።»

ሐዱሽ አፈረ። ቢሆንም አንገቱን አስግጎ ደረቅ ሳል ሳለ፤ መጨረሻው ላይ ሊያስመልሰው እንደመጣ ሰው አጓራ። «ሳምንቱን እንዲህ ነበር ዶክተር። ማሰሪያው አንገቱን ሲስበው ይብስበታል። ነጭ አረፋ ይተፋና ምግቡን ጥርግ አድርጎ ይበላል።»

«ትናንትስ?»

«ከቅዳሴ ስመለስ ትንፋሽ አጥሮት አገኘሁት። ደረቱ ያንኮራኩራል። ምግብ አልነካም።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«እሱ ነው የነከሰኝ፤ የኮሶ ኪኒን ላስውጠው ስሞክር።»

ስድስት ኪሎ የሚያስተምረው ተከራይ ቃለአብ ቡችላውን ታቅፎ ወጣ። ጴንጤ ስለሆነ የግቢው ሰው ዐቢይ ጾምን ሲጾም እሱ አይጾምም።

«ቤትህ ቅቤ አለ?» አለችው።

«አለ። ግን አንበሶ ለኔ አፉን የሚከፍተው ሊነክሰኝ ነው። ደግሞ ጉንፋን ነው ብዬ ነበር፤ የኔም ቡችላ እንደሱ ይስላል።»

የአቶ ፍቅሬ ባለቤት ወይዘሮ በለጠች ቅቤ ሲባል ደነገጡ። «እኛ በጾም ቅቤ አንነካም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እርስዎስ ጋሽ ፍቅሬ፣ ሲስል ምን መሰለዎት?»

«አጥንት የተሰነቀረበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ መርዝ ኖሯል። ሥጋ የምገዛው እኔ፣ ጭራው የሚቆላው ለእሱ! ስጠራው እንኳ መጀመሪያ የሐዱሽን ፊት ያያል።» አቶ ፍቅሬ በሰባ ዓመታቸው በዘበኛቸው ቀንተዋል፤ ቅናቱም ከሐዘናቸው ቀድሞ ይናገር ነበር።

ምብራት በድኑን ወስዳ መረመረች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ አራቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «አጥንትም አልነበረም። ጉሮሮው የታነቀ ውሻ አፉን በእግሩ ይፍቃል፣ አየር ያጣል እንጂ ሳምንት ሙሉ እየሳለ ሳህኑን አይጨርስም። የያዘው ከውሻ ወደ ውሻ የሚጋባ ሳል ነው። አረፋውና ማጓራቱ የታነቀ ያስመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በዕረፍት ይድናል።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አሉ አቶ ፍቅሬ።

«ቅቤ። ሳንባው ውስጥ አገኘሁት። ሰው አጥንቱን ላንሸራትት ብሎ አፉን ወደ ላይ ይዞ አፍስሶበታል፤ እሱ ሲስል ቅቤው በአየር ቧንቧው ገባ። ይህን የሚያደርገው አጥንት አለ ብሎ ያመነ ብቻ ነው። ሐዱሽ ውሻው ሲበላ ያያል፤ ቃለአብ ጉንፋን ነው ብሏል። እትዬ በለጠች፣ ለፋሲካ ካነጠሩት ምን ያህል ጎደለ?»

ወይዘሮዋ አቀረቀሩ። «አንድ ብርጭቆ። ፍቅሬ ጾም የገደፈ መስሎኝ፣ ለሰው እንዳይሰማ ብዬ ዝም አልኩ።»

አቶ ፍቅሬ ከዘራቸውን ጨበጡ። ቀስ ብለው፣ «ሐዱሽ ከቅዳሴ ሳይመለስ ላድነው ነበር» አሉ። «አንድ ጊዜ እንኳ ያዳነው እኔ እንድሆን።»

ምብራት ለቃለአብ፣ «ቡችላህን ከሌላ ውሻ ለየው፤ አንገቱ ላይ አትሰረው። ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው አምጣልኝ፤ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ሐዱሽ ልብሱን በፌስታል ሸክፎ ቆሟል።

«አትሂድ» አሉት አቶ ፍቅሬ። «በድየሃለሁ።»

ሐዱሽ የተነከሰ እጁን አየ። «ጋሼ፣ ትናንት ማን ያዘልዎት?»

«ማንም። ብቻዬን ነበርኩ። ክፈት አልኩት፣ ከፈተ።»

«አሥራ አንድ ዓመት አብሬው አደርኩ» አለ ሐዱሽ፤ አሁን የቀናው እሱ ነበር። «ለኔ አንድ ቀን አልከፈተልኝም።»

አቶ ፍቅሬ ይህን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።