መብራቶቹ አንገታቸውን አላዞሩም

ማቲያስ የወደቀው መድረኩ መሐል ላይ፣ ተዋንያን ከሥር በሚወጡበት ቀዳዳ ውስጥ ነበር። ሰዎች ሲደርሱ ከታች ብረቶቹ መካከል በጀርባው ተዘርግቶ አገኙት። አይተነፍስም።

የመድረክ አስተባባሪ ነበር። የጅዳ አሮጌ ከተማ አል-ባላድ ጫፍ ላይ በተተከለው ትልቅ የትርኢት ድንኳን ውስጥ፣ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ልምምድ ላይ ሳሉ ድንገት ጨለመ። ጩኸት ተሰማ። ከዚያ በራ።

"ጄኔሬተሩ ነው" አለ የመብራት ፕሮግራመሩ ወንድወሰን። "ድሮም አላምነውም ነበር።"

የመድረኩ መብራት በሙሉ የሚመጣው ደጅ ከቆመው ጄኔሬተር ነው። ጠባቂው ሙሐመዲን የሚባል የወሎ ሰው ነበር፤ ካራንቲና ሰፈር የሚኖር፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የቀን ሠራተኛ። ፖሊስ ሲያይ ሮጠ። መንገዱን ሳይሻገር ያዙት። ጠዋት ማቲያስ ሲቆጣው ያየ ሰውም ተገኘ።

መርማሪው ሻምበል ፈይሰል ሊያን አስተርጓሚ አደረጋት። ጅዳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከወንድወሰን ሥር ሆና የመድረክ መብራት ፕሮግራም ማድረግ እየተማረች ነበር።

"ለምን ሮጥክ?"

"ኢቃማ የለኝማ።"

"ማቲያስ ለምን ተቆጣህ?"

"ናፍጣ አጠገብ ሳጨስ አገኘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልተቀየምኩትም።"

"ጄኔሬተሩን አጠፋኸው?"

"ወላሂ አልነካሁትም። ደሞም አልጠፋም፤ ሲያጓራ ነበር።"

"ታዲያ ድንኳኑ እንዴት ጨለመ?"

"እሱን እንጃ" አለ ሙሐመዲን። ሊያ ጥያቄውን ለራሷ ደገመችው።

ወንድወሰን መጀመሪያ ያስተማራት ትምህርት ትዝ አላት። በፕሮግራም የሚታዘዙት መብራቶች ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመለስ ዝም ብለው አይበሩም። አንገታቸውን ግራና ቀኝ ያዞራሉ፤ ጣሪያውንም ወለሉንም ያያሉ፤ ቦታቸውን ካገኙ በኋላ ነው ለሥራ የሚዘጋጁት። ያን ዕለት ግን አንዳቸውም አልዞሩም። በጠፉበት አቅጣጫ፣ ቀዳዳው ላይ እንዳፈጠጡ ነው የበሩት።

ኤሌክትሪክ አልሄደም ማለት ነው። ጨለማውን ሰው ነው ያዘዘው። መብራቶቹ የሚታዘዙበት ኮንሶል ፊት ደግሞ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ነበረች።

ዝም ብትል ሙሐመዲን በነፍስ ይጠየቃል። ብትናገር እሷ።

ሊያ ስትወጣ ወንድወሰን የፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ላይ የምርመራ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

"ጋሼ፣ መብራቶቹ ሲመለሱ እኮ አልዞሩም።"

"በዚያ ድንጋጤ ይህን ማን ያያል?"

"እኔ አይቻለሁ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኮንሶሉ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ኤሌክትሪክ ካልጠፋ ማን አጠፋው ሊሉ ነው? ኻላስ፣ ተይው። ሰውዬው እንደሆነ ኢቃማ የለውም፤ ወደ ሹመይሲ እስር ቤት ተልኮ መባረሩ አይቀርለትም።"

ሊያ ተመልሳ ገብታ ሁሉንም ለፈይሰል ነገረችው።

"ስለዚህ አንቺ አጠፋሽው?"

"አላጠፋሁም። ጋሽ ወንድወሰን ምንም አትንኪ፣ እያየሽ ተማሪ ብሎኝ እጄን አጣጥፌ ነው የተቀመጥኩት።"

"ካንቺ ሌላ ማጥፋት የሚችል አለ?"

"በስልክ ይቻላል። መድረክ ላይ ሆኖ መብራት ለማስተካከል ስልክን ከኮንሶሉ ጋር ያገናኙታል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ግን ጋሽ ወንድወሰን ብቻ ነው።"

"ማቲያስን ቀዳዳው አጠገብ ማን አቆመው?"

"እሱ። መብራቱን ላስተካክልብህ ብሎ ... 'ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ' ሲለው ነበር።"

በማግሥቱ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰቧቸው።

"የጠፋው ኤሌክትሪክ ነው?" አለ ፈይሰል።

"ነው" አለ ወንድወሰን።

ጄኔሬተሩ እንዲጠፋ ታዘዘ። ጨለመ። ሲመለስ መብራቶቹ እንደ ነቃ መንጋ አንገታቸውን አዞሩ። ፈይሰል ከወንድወሰን የተያዘውን ስልክ አወጣ። ስልኩ ከኮንሶሉ ጋር በራሱ ተገናኘ። ስክሪኑ ላይ ያለውን የብርሃን ማዘዣ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ጎተተ፤ ጨለመ። ወደ ላይ መለሰ፤ በራ። አንድም መብራት አልተነቃነቀም።

"ትናንት ያያችሁት የቱን ነው?"

ተዋንያኑ ተያዩ። "ሁለተኛውን" አለች እታፈራሁ የምትባል ተወዛዋዥ።

ወንድወሰን መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"የቀዳዳውን መከለያ ማን አነሳው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

ወንድወሰን ተናዘዘ። ባለፈው ዓመት አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ መብራት ወድቆ የአንድ ሠራተኛ ወገብ ሰበረ። የመያዣውን ሰንሰለት 'ተዉት፣ ጊዜ የለንም' ያለው ወንድወሰን ነበር፤ ጥፋቱ ግን መብራቱን በሰቀለው የቀን ሠራተኛ ላይ ተላከከ፤ ሰውዬው ታስሮ ወደ አገሩ ተባረረ። ማቲያስ እውነቱን ያወቀው በቅርቡ ነበር።

"አስፈራራህ?"

"አይ፣ እሱ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። ቀድመህ አንተው ተናገር ነው ያለኝ።" ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "አልቻልኩም።"

ሙሐመዲን ከነፍስ ክሱ ነፃ ወጣ። ኢቃማ ስለሌለው ግን ወደ ሹመይሲ ወሰዱት። ሊያ ደጅ ብትጠናም የሰማት የለም። አውሮፕላን ላይ ከመሳፈሩ በፊት በሰው ስልክ ደወለላት።

"ይቅርታ አድርግልኝ፣ ላስቀርህ አልቻልኩም" አለችው።

"ምን አጥፍተሽ ነው እህቴ? ባዶ እጄን መግባቱን እንደምንም እችለዋለሁ። እናቴ የነፍሰ ገዳይ እናት ሳትባል ልታየኝ ነው። አልሐምዱሊላህ።"

ከዚያ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ተባራሪ ስልኩን ተቀበለው።