ቆርቆሮው ውስጥ ያለችው

ስሙኝማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ ጣራ ላይ ኮሽታ ሰማን ብለው ሲሸበሩ ድመት ነው ብዬ ተከናንቤ የምተኛ፣ ጠንቋይ ቤት የሄደ ዘመድ ከተገኘ ሳምንት ሙሉ የምስቅበት ሴት ነኝ። ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ መርካቶ መሃል። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

አንድ የመጋረጃ ጨርቅ ማከፋፈያ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆኜ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቷ እትዬ ሉባባ አዲስ ጨርቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስነኩት እኔን ነበር፣ የክፍለ ሀገር ደንበኞችም ሲመጡ ካጡኝ ሻይ እየጠጡ ይጠብቁኝ ነበር እንጂ በሌላ ሰው አይስተናገዱም። ከዚያ ቴሌግራም መጣ፣ ከቴሌግራም ጋር ደግሞ ሃያት ተቀጥራ መጣች።

ሃያት ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፣ ጨዋ ናት፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። እኔ አንዱን መልእክት ለማንበብ መነጽሬን እስክፈልግ እሷ ለአስር ሰው መልሳ ጨርቅ ትለካለች። እትዬ ሉባባ ለሁሉም ነገር “ሃያትን ጠይቂያት” ማለት ሲያበዙ አንጀቴ እርር ይል ጀመር። እንደ እሷ ለመሆን ብዬ ስልኬ ላይ ተተከልኩ፣ ያቺ “ጢን” የምትል የመልእክት ድምፅም ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ፣ ሰሃን ሳጥብ ጢን፣ ቅዳሴ ቆሜ ጢን፣ ስልኬን ሳየው ምንም የለም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ደንበኛ ላይ እቆጣለሁ፣ ሰላምታ እንኳ በቅጡ መመለስ አቃተኝ።

እትዬ ሉባባም ደም ግፊታቸው ተነሳና ሐኪሙ ከስልክ ትንሽ ይረፉ አላቸው። እሳቸው ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው፣ ምን አለሽ ተራ ሄደው ከአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ክዳን ያለው ሣጥን ከነጓጉንቸሩ ገዝተው መጡ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሁላችንም ስልክ ጠፍቶ ለአንድ ሰዓት እዚያ ውስጥ ይቆለፋል ተባለ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። እውነቱን ለመናገር ያቺ አንድ ሰዓት አድናኛለች፣ የእጄም መንቀጥቀጥ ቀነሰ። ቅናቴ ግን ምሳ ሰዓት አያውቅም።

አንድ ዓርብ አዲስ ጨርቅ በገባ ማግስት፣ እትዬ ሉባባና ሃያት ለጁምዓ ሊወጡ ሲሉ፣ ሃያት ደንበኞች በቴሌግራም የሚጽፉበትን የሱቁን ስልክ አምጥታ ሰጠችኝ፣ ዛሬ የክፍለ ሀገር ደንበኞች ስለሚጠይቁ እንዳልቆልፈውና እስክትመለስ እንድመልስላቸው ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ገና ከመውጣታቸው ስልኩን አጥፍቼ ከራሴ ስልክ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ቆለፍኩበት። ደንበኛው መልስ ሲያጣ ይቆጣል፣ ስልኩ የሃያት ኃላፊነት ነውና ወቀሳው በእሷ ላይ ይመጣል፣ ያኔ እትዬ ሉባባ ወደ እኔ ይመለሳሉ፣ ሐሳቤ ይህ ነበር። ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር የሚለውን ረስቼው አይደለም፣ አውቄ ነው።

የሱቁን በር ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጌ የጾም ምሳዬን ከፈትኩ። ሁለቴ ሳልጎርስ ጢን አለ። የለመደብኝ በሽታ ነው ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ። ደግሞ ጢን። ከዚያ ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ንዝር ንዝር አለ፣ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ውሃ ሲርገበገብ በዓይኔ አየሁት፣ ይሄ እንግዲህ የጆሮ በሽታ አይደለም። ቀጥሎ አንዲት ሴት ስታወራ ተሰማኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሳቅ እያለች፣ ጎረቤት ሱቅ ነው እንዳልል እነሱም ዘግተው ወጥተዋል። ተነስቼ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ።

“አይዞዎት፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ ጊዜ አለኝ” ትላለች።

ድምፁ የእኔ ነበር። እመኑኝ፣ የራሴን ድምፅ አልስተውም፣ ግን የድሮው ድምፄ ነው፣ ሳልቸኩል የማወራበት ጊዜ የነበረኝ።

ጓጉንቸሩን በስንት መከራ ከፈትኩት። ሁለቱም ስልኮች እንዳጠፋኋቸው ናቸው፣ ስነካቸው ግን ከሰው እጅ እንደወጣ ሳንቲም ሞቀዋል።

ሃያት ተመልሳ የሱቁን ስልክ ስትከፍተው ለጠየቀው ደንበኛ ሁሉ መልስ ተልኳል፣ ሁሉም የድምፅ መልእክት፣ ሁሉም በእኔ ድምፅ፣ ሁሉም ስልኩ ተቆልፎ በነበረበት ሰዓት። ያቺ ድምፅ የማን ሳሎን ጨለማ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ልትዳር እንደሆነ እያነሳች ነው ጨርቅ የመረጠችላቸው። እትዬ ሉባባ አቀፉኝና “ፋንትዬ፣ ይሄን ሁሉ ስትችይ ለምን ደበቅሽኝ?” አሉኝ። እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ያን እቅፍ ስንት ጊዜ ስመኘው ኖሬ ዝም ብዬ ታቀፍኩ። ሃያትም ከልቧ ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ።

ከዚያ ወዲህ የዓርብ ስልክ የእኔ ሆነ። እኔ እቆልፋለሁ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለችው ትመልሳለች፣ እኔ እመሰገናለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሐጂ ስሩር ከቡታጅራ መጡ፣ አስራ አምስት ዓመት ያስተናገድኳቸው ደንበኛዬ ናቸው። ሮጬ ተቀበልኳቸው፣ እሳቸው ግን ከኋላዬ ያለውን ያማትራሉ።

“ያቺ በስልክ የምታናግረኝ የለችም?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ እኮ ሐጂ፣ ፋንታዬ።”

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። “ድምፅሽስ ይመስላል” አሉ፣ “እሷ ግን ሰው ስታናግር አትቸኩልም። ባለቤቴ መታመሟን እንኳ ሳልነግራት ነው እንዴት ሆነች ብላ የጠየቀችኝ።” ከዚያ ከዘንቢላቸው አንድ ጣሳ ማር አውጥተው፣ ለእሷ ስጪልኝ ብለውኝ ሄዱ።

ባለቤታቸው መታመማቸውን እኔ አላውቅም ነበር።

ማሩን ቤቴ ወስጄ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። በሃያት የቀናሁት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር፣ ሃያትማ ቢያንስ ሌላ ሰው ናት። ይቺኛዋ ግን በእኔው ድምፅ ደንበኞቼን ወሰደቻቸው፣ እነሱም ከእኔ ይልቅ እሷን ይወዳሉ፣ ለማንስ ይነገራል? ብናገር ያን እቅፍ አጣዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ እንደ ወትሮዬ ቆልፌ ተቀመጥኩ። ጢን የለም፣ ንዝረት የለም፣ ቆርቆሮው ጭጭ ብሏል። ከዚያ በዚያ በማይቸኩል ድምፅ ስሜን ጠራችኝ።

“ፋንቱ፣ ሐጂ የላኩልኝ ነገር አለ?”

የማይታይ ሲጠራ አቤት አይባልም ይላሉ፣ እናቴም ስትል ሰምቼ ስቄባታለሁ። ቁልፉን እጄ እስኪያመኝ ጨብጬዋለሁ፣ ግን ማሩ ትዝ አለኝና ቅናቴ ከፍርሃቴ በለጠ።

“የለም” አልኳት።

“ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ” አለችኝ፣ “ጊዜ አለኝ።”

ዛሬ ሐሙስ ነው።