በተዘጋው ጂም ስድስት መዳፎች

ይህች ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ናት፤ ከዋሸሁ የበላሁት ይነቀኝ።

በኮሮናው ሰሞን ዊኒፔግ ተዘጋግታ ሳለ የጂማችን ባለቤት ለን ፍሪዘን አግዳሚው ላይ በጀርባው እንደተኛ፣ መቶ ኪሎ ብረት አንገቱ ላይ ተጋድሞ ሞቶ ተገኘ። ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ጽዳት ሠራተኛው ሞርት። ሦስት ወር የተዘጋ ጂም ምን ምን እንደሚሸት አትጠይቁኝ። የላብ ፎጣዎቹ ላይ ባርኔጣ የሚያህል እንጉዳይ በቅሎ ነበር!

ከለን ሌላ ቁልፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩና ፖሊሶቹ ካቴና አዘጋጁልኝ። ደግነቱ መርማሪ ዋንዳ ኮዋልቹክ ደረሰች። ፎጣዎቹን በጭምብሏ ላይ አፍንጫዋን ይዛ አለፈችና ብረቱ ላይ አፈጠጠች።

«ወይዘሮ ጆይስ፣ ባለቤትዎ ብቻቸውን ነበር ስፖርት የሚሠሩት?» አለቻት የለንን ሚስት።

«ብቻዬን ነው ያለኝ። እኔ ሕክምና ላይ ስለሆንኩ 'በሽታውን ይዤብሽ እንዳልመጣ፣ ከሰኞ ጀምሮ የጓሮውን በር ጨርሼ እዘጋለሁ' ብሎኝ ነበር።»

«ማን ላይ ነው የሚዘጉት?»

«እሱን አልነገረኝም።»

«አንተስ ትሬቨር?» አለችው ያስጠራችውን የጂሙን ነባር ደንበኛ።

«እኔ ከመጋቢት ወዲህ ብረት የሚባል አልነካሁም። ሳሎኔ ውስጥ ገመድ እዘላለሁ፤ የታች ቤቱ ሰውዬ ጣሪያዬን አፈረስክ እያለ ይሰድበኛል። ይልቅ ይሄን ቦርጫም ያዙት! ቁልፉ እሱ ጋ ነው።»

«ቦርጫም አባትህ!» አልኩት። አሥራ ሁለት ኪሎ መጨመሬን ግን አልክድም።

ዋንዳ አግዳሚውን አስከበበችን። «ጓንታችሁን አውልቁ። መዳፋችሁን ዘርጉ።»

የጆይስ በሕመም ሳስቷል። ዋንዳ የኔን ዳበሰችና «ይሄ እጅ እንኳን ብረት፣ መወልወያም ከያዘ ሦስት ወር ሆኖታል» አለች። ጆይስ ገላመጠችኝ።

ትሬቨር ጋ ስትደርስ ግን ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። በየጣቱ ሥር ቢጫ ቆዳ ጠጥሯል፤ አንደኛው ትኩስ ተልጦ ውኃ ያዣል።

«ብቻውን የሚገፋ ሰው» አለች ዋንዳ፣ «ክብደቶቹን ብረቱ ጫፍ ላይ አይቆልፋቸውም፤ ካቃተው አዘንብሎ ያራግፋቸዋል። እነዚህ በሁለቱም በኩል ተቆልፈዋል። ስለዚህ ከራስጌው ቆሞ የሚያነሳለት፣ የሚያምነው ሰው ነበረ። ብረት የተወ ሰው ደግሞ በሦስት ወር መዳፉ ይለሰልሳል። ያንተ የተላጠው ትናንት ነው፣ ትሬቨር።»

«በጓሮው በር ሲያስገባኝ ከርሞ ከሰኞ ጀምሮ አትገባም አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «ክንዴ እኮ ሊሟሽሽ ነው! 'አንሳልኝ' ሲለኝ... እጄን ሰበሰብኩ።»

ለክንዱ ሥጋ ብሎ! ጆይስ ጭምብሏን አውርዳ እግሩ ሥር ተፋች። በዚያ ወረርሽኝ መሀል እንኳ አንድም ፖሊስ አልተቆጣትም።

እኔ ከእስር ዳንኩ፤ ከሥራ ግን በዚያው ቀን ጆይስ አባረረችኝ። ከራሴ የጨመርኩት እንጉዳዩን ብቻ ነው። ፎጣዎቹ ላይ የነበረው ተራ ሻጋታ ነው፤ የዚያን እጅ አስቀያሚነት የሚስተካከል ነገር ግን ሌላ ቢጠፋኝ ጊዜ አበቀልኩት።