ቁጥሩን ስጠይቅ የመለሰልኝ ስም

ይሄን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

«ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ በሉ፤ አልከራከርም። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማታ አልነበረም። እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። የምሠራበት ድርጅት ምድር ቤት፣ ከሰርቨር ክፍሉ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። ሕንፃው ውስጥ ከእኔ ሌላ ያሉት በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ናቸው። ከተቀጠሩ ገና ወር አልሞላቸውም።

አለቃዬ ጠዋት ደውሎ ነው ከአልጋዬ የጎተተኝ።

«ኢሜይላችን ሁሉ እየተመለሰ ነው! ደንበኛ አልደረሰኝም እያለ ይጮህብኛል! ተነሺና አስተካክዪ!»

ችግሩን አውቀዋለሁ። የድርጅቱ ኢሜይልና ፋይል ያለበትን የግል ክላውድ ወደ አዲስ ሰርቨር ስናዛውር ሪቨርስ ዲኤንኤስ አልተሠራለትም።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ ስምም ቁጥርም አለው። ስም ሰጥቶ ቁጥር መጠየቅ የተለመደው ነው። ሪቨርስ ግልባጩ ነው፤ ቁጥሩን ሰጥቶ «ይሄ ማነው?» ብሎ መጠየቅ። ኢሜይሉን የሚቀበለው ወገን ይጠይቃል፤ ስም የሚነግረው ካጣ ይመልሰዋል። እናንተስ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል ታነሳላችሁ?

ያናደደኝ እሁዴ መበላሸቱ አልነበረም። ያ ክፍል ነው።

የእህቴ ባል የሞተው እዚያ ውስጥ ነው።

ሽቦ ነበር የምንለው። ሙያውን ያስተማረኝ፣ እዚህም ያስቀጠረኝ እሱ ነው። አምና ክፍሉ ውስጥ ጭስ ተነሳና እሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቀቀ። ጋዙ እሳት የሚያጠፋው አየሩን አባሮ ነው። ሽቦ ውስጥ ነበር። በሩ ደግሞ ያኔ ከውጭ ብቻ ነበር የሚከፈተው፤ ዕቃ ጠፋ ብሎ አለቃው የውስጡን እጀታ አስነቅሎት ነበር።

ድርጅቱ «የማስጠንቀቂያ ደወሉን ችላ ብሎ ነው» አለ። አለቃው ቀብር ላይ እህቴን አቅፎ፣ «እኔ ስደርስ አልፎ ነበር» እያለ ተንሰቀሰቀ።

አመንነው። እኛ ሞኞቹ!

ለማንኛውም ሥራዬን ጀመርኩ። የሰርቨሩን ቁጥር ጻፍኩ፣ ስሙን ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ከዚያ ልፈትነው ብዬ ቁጥሩን ጠየቅኩት።

ይሄ ማነው?

መልሱ መጣ። በላቲን ፊደል የተጻፈ... ግን አማርኛ።

በሩን-ክፈቱ



ደሜ ፈላ። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ቀልዶ ነው አልኩ። በሟች ይቀለዳል? አጠፋሁት። እንደገና ትክክለኛውን ስም ጻፍኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ።

ይሄ ማነው?

ሽቦ-ነኝ

ስልኬን አንስቼ አለቃው ላይ ጮህኩበት። «ማነው በሞተ ሰው የሚጫወተው? ማነው እዚህ ሰርቨር ላይ የገባው?»

«ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኩት።

 

በሹክሹክታ፣ «አትጠይቂው» አለኝ።

«ምን?»

«ሌላ ቁጥር... እንዳትጠይቂ። መጣሁ።»

ዘጋው።

አትጠይቂ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ጠየቅኩ እንጂ! ለየትኛውም ማሽን ያልተሰጠ ባዶ ቁጥር አስገባሁ። «አላውቀውም» ነበር ማለት ያለበት።

አለቃ-መስታወቱ-ጋ-ቆሟል

የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ የፊት ስፋት ያላት መስታወት አለች።

ሌላ ባዶ ቁጥር መታሁ።

እያየኝ-ነው

ፈራሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ፍርሃት የሚገባበት ቦታ አልነበረኝም፤ ሁለመናዬ ንዴት ሆኖ ነበር። እህቴ ጋ ደወልኩ። «ቶሎ ነይ፣ ስትመጪ እነግርሻለሁ» አልኳት። ቤቷ ቅርብ ነው።

አለቃው ቀድሟት ደረሰ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ስክሪኑን ላሳየው ስል ፊቱን አዞረ።

«ሽቦ ሲታፈን እርስዎ እዚህ ነበሩ?» አልኩት።

«እኔ ስደርስ...»

«በሩ ጋ ቆመህ ነበር ወይ? አንተን እኮ ነው!»

ስንት ዓመት «እርስዎ» ስለው የኖርኩትን ሰው ነው። አልተቆጣም። ያልተቆጣ ጊዜ ነው እውነቱን ያወቅኩት።

«በሩ ቢከፈት ጋዙ ይወጣል... እሳቱ ይቀጥላል...» አለ፣ ወለሉን እያየ። «የድርጅቱ ሥራ ሁሉ እዚያ ማሽን ውስጥ ነው። ትንሽ ልጠብቅ ብዬ ነው። ትንሽ...»

«ሰው ሲታፈን እያየህ? ማሽን አይቃጠል ብለህ?»

«አይሞትም ብዬ ነበር...»

ከኋላችን ትንፋሽ ሰማሁ። እህቴ የቢሮዬ በር ደፍ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ታብዳለች፣ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«የቆምክበትን አሳየኝ» አለችው።

«እመቤቴ...»

«አሳየኝ አልኩህ!»

አሳያት። እዚያው ቦታ ላይ ቆማ፣ ግንባሯን መስታወቷ ላይ አስደግፋ፣ ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁ፤ የሚብለጨለጩ የማሽን መብራቶች ብቻ ናቸው።

«ለካ ሁሉም ይታያል» አለች። «እጁ ሁሉ ይታይህ ነበር።»

አለቃው ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እህቴ የክፍሉን ቁልፍ ከእጁ ወሰደችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ቅዝቃዜው ወጥቶ እግሬን ነካኝ።

«ና» አለች፣ ወደ ባዶው ክፍል። «ና የኔ ጌታ... እንሂድ።»

ከዚያም በሩን እንደያዘች፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ጥግ ያዘችና መንገድ ለቀቀች።

ምንም አላየሁም። እውነቱን ተናገሪ ካላችሁኝ፣ ምንም።

አለቃው በማግስቱ በገዛ እግሩ ሄዶ ለፖሊስ ተናገረ። አሁን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ተጸጽቷል ይሉኛል። ይጸጸት! የኔ አንጀት ግን እስከ ዛሬ እንዳረረ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። እህቴ በሩን ይዛ እንደቆመች፣ እኔ ዘወር ብዬ ኮሪደሩን አየሁ። ኮሪደሩ ጫፍ፣ መውጫው ጋ፣ ዘበኛው ከወንበራቸው ተነሱ። ሽቦን በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ስለ እሱም የነገራቸው የለም።

የሚወጣ ሰው ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፊታቸው ማንም የለም። ከትከሻ ጀምረው... ብብት... ወገብ... እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ባዶውን አየር ዳሰሱ።

ቀና ብለው መዳፋቸውን አሻሹ።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ቀዘቀዝክ?» አሉ። «በል ውጣ፣ ፀሐይ ሙቅ።»

በሩን ከፈቱ። እስኪያልፍ ጠበቁ...

መልሰው ዘጉት።