ያልተሣለው ጎን

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ውስጥ ዮቪል ሰፈር ሄዶ ትሩፋትን ይጠይቅ። እንባ ካልቀደማት ትነግረዋለች።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2020፣ የኮሮና ሎክዳውን ጆበርግን ጭር ያደረገበት ክረምት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ነበረች... እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ይመጣል ያለው ማነው?

ትሩፋት እዚያው ጆበርግ ተወልዳ ያደገች ሠዓሊ ናት። ከጓደኛዋ ከቤዛ ጋር የኮምፒውተር ጌም ይሠሩ ነበር። እንደ ልብ ወለድ እየተነበበ፣ ሥዕል እየታየ፣ ተጫዋቹ መልስ እየመረጠ የሚሄድ ዓይነት። እሷ ትሥላለች፤ ቤዛ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሌላ ሰፈር ሆኖ ኮዱን ይጽፋል። ቤት ከተዘጋባቸው ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ነው።

ጌሙን የሞከሩት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር አሉ።

"ታሪኩ ይጥማል። ሥዕሉ ግን ድርቅ ብሏል።"

ስለዚህ ሕይወት ሊዘሩበት ተነሡ። ዓይን እንዲርገበገብ... ደረት ከፍ ዝቅ እንዲል... ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊት እንዲጠጋ።

መጀመሪያ የሞከሩት ጌሙ ውስጥ ባለው ባለ ስፓዛ፣ በሰፈር ሱቅ ባለቤቱ ላይ ነው።

ባለ ስፓዛው የይገረምን መልክ ይዟል። ይገረም የትሩፋት ታላቅ ወንድም ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ ነበረው። በሽታው በገባ ሰሞን ሞተ። እናቱ ወይዘሮ ዕፀገነት ፊቱን እንኳ ሳያዩ ተቀበረ።

ትሩፋት ጌሙን ከፈተች።

ይገረም ዓይኑን ጨፈነ... ገለጠ። ደረቱ ተነሣ... ወረደ።

አማረ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

ከዚያ... አንገቱን አዞረ።

ለቤዛ ደወለች።

"አንገቱን አንተ ነህ ያዞርከው?" አለች በሹክሹክታ።

"የምን አንገት? እኔ ዓይኑንና ደረቱን ብቻ ነው የነካሁት።"

"ዞሯል እኮ።"

"ሊዞር አይችልም። የላክሽልኝ ከፊት ያለውን ብቻ ነው። ጎኑን አልሣልሽውም።"

እውነቱን ነው። አልሣለችውም።

ግን ጆሮው ይታያል። ከጆሮው ኋላ ደግሞ... ትንሽ ጠባሳ።

"ይቺን ማን ነገረሽ?"

ትሩፋት ክው አለች። እናቷ ከኋላዋ ቆመዋል።

"የቷን፣ ማሚ?"

"ጠባሳዋን። ሆሳዕና እያለን ከአጥር ወድቆ ነው። አንቺ አልተወለድሽም። ፀጉሩ ይሸፍናት ነበር።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይገረም ወደ እሳቸው ዞረ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ድምፅ የለም። ጌሙ ገና ድምፅ አልገባለትም። ንግግሩ የሚጻፍበት ሳጥንም ባዶ ነው።

እናት ግን በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አልተቆለፈም፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

"ማሚ... ምን አለሽ?"

"በርዶኛል፣ በሩ ክፍት ነው ወይ አለኝ።"

ስልኩ ውስጥ የቤዛ ድምፅ ተለወጠ።

"ትሩፋት... ዝጊው።"

"ምን ሆንክ?"

"እኔ ጋ ያለውን ጌም አሁን ከፈትኩት። ሰውዬው የለም። ሱቁ ባዶ ነው... በቃ ዝጊው።"

እጇን ወደ ላፕቶፑ ሰደደች። እናቷ ያዟት። መዳፋቸው በረዶ ሆኗል።

"ትንሽ ታገሺ" አሉ። "ሳልሰናበተው እኮ ነው የሄደው።"

እናቷን ዓይን ዓይናቸውን አየች። እምቢ ማለት አልቻለችም። እጇን መለሰች።

እንደገና ስክሪኑን ስታይ... እሷም ጋ ሱቁ ባዶ ነው። የሱቁ የብረት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ወይዘሮ ዕፀገነት ተነሥተው በረንዳ ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ።

ትሩፋት ላፕቶፑን ከድና ወደ በረንዳው በር ተጠጋች።

ነፋስ የለም። ሽቦው ላይ የተሰጣው ልብስ ንቅንቅ አይልም።

የእናቷ ነጠላ ከትከሻቸው ተንሸራቶ መሬት ነክቷል።

ጫፉ ቀስ ብሎ ተነሣ... ከፍ አለ... ዞሮ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ተስተካከለ።

እናት ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ላኩ። እዚያ ያለውን ነገር... መታ መታ አደረጉት።